የሰርቪስ ቤቱ ተከራዮች

እናቴ የቤት ኪራይ የምትጽፍበት ሰማያዊ ደብተር አላት። ስም አትጽፍም። «የበቆጂው»፣ «የደብረ ብርሃኗ»፣ «ረጅሙ የሰላሌ ልጅ»፣ «ሁለቱ ወንድማማቾች» እያለች ነው የምትመዘግበው። አባቴ ከሞተ በኋላ ከግቢያችን ጀርባ ያሉት ሦስት ሰርቪስ ቤቶች መተዳደሪያችን ሆኑ። ሱሉልታ ስለሆንን ተከራዮቻችን ሯጮች ናቸው። ደብተሩ ላይ ከአርባ በላይ ልጆች ተመዝግበዋል። ከእነሱ መካከል ስሙን ብጠራው አንባቢ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው። እሱን አልጠራውም፤ ይኼ ጽሑፍ ስለ እሱ አይደለም።

አገሩን ለማያውቅ፣ ሱሉልታ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ትሆናለች። ብርዱ አይጣል ነው፤ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ይነጋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሕዋሳት አብዝቶ ይሠራል፤ እዚህ የለመደ ሰው ዝቅ ወዳለ አገር ወርዶ ሲሮጥ ይቀለዋል። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራው፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ ከሸሪኩ ጋር ያያ ቪሌጅን የከፈተው፣ እንግሊዛዊው ሞ ፋራህ ሳይቀር መጥቶ ልምምድ ያደረገው እዚሁ ነው። ብቻ መሙና ሆቴሉ የደረሱ ሰዎች ናቸው። ያልደረሱት የሚያድሩት እኛ ግቢ ነው።

የተከራዮቻችንን ሳምንት ከእነሱ ባላነሰ አውቀዋለሁ። ቀላል ሩጫ ያለ ቀን ሱሉልታ ሜዳ ይወጣሉ፤ አንዱ ከፊት ሆኖ ሌሎቹ እግሩን እያዩ አንድ መስመር ሠርተው ይከተሉታል። ሽቅብ ያለ ቀን እንጦጦ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ። አስፋልት ያለ ቀን ደግሞ ሰበታ። ሰበታ በከተማዋ ሌላኛው ጫፍ፣ በጅማ መንገድ ላይ ናት፤ ከሱሉልታ ዝቅ ያለች፣ ሞቅ ያለች፣ ለፍጥነት የምትመች። እዚያ ለመድረስ ሚኒባሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይመጣል። በዚያ ብርድ ውስጥ ጥሩንባ ሳይነፋ መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ ያደርጋል፤ የሰርቪስ ቤቱ የቆርቆሮ በር ሲጢጥ ይላል፤ ከዚያ ዝም። እናቴ ሁልጊዜ ትነቃለች። «ሄዱ» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ከበቆጂ የመጣ ሁሉ የደራርቱ ቱሉ ጎረቤት ነው፤ ካልሆነም ቀነኒሳ በተማረበት ክፍል ተምሯል። ይኼን በክፋት አልናገረውም። ከአርሲ ከፍታ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ዲባባ ከወጡ፣ እዚያ የተወለደ ልጅ ምን ብሎ ያስብ? ጎረቤቱ ደርሷል። እሱም መንገድ ላይ ነው።

ቦስተን የምትኖር የአክስቴ ልጅ አንድ ጊዜ ስልክ ላይ ያጫወተችኝን አልረሳም። የምትንከባከባቸው አንዲት አሮጊት የበጋ ቤታቸው ኬፕ ኮድ የሚባል የባሕር ዳርቻ ላይ ነው። እዚያ በየክረምቱ (የእኛን ክረምት ማለቴ ነው፣ ለእነሱ በጋ ነው) ቤዝቦል የሚጫወቱ የኮሌጅ ተማሪዎች ከመላ አሜሪካ ይሰበሰባሉ። አሥር ቡድኖች አሉ። ተማሪዎቹ ደመወዝ የላቸውም፤ የሚያድሩት በአካባቢው ሰዎች ቤት ነው። ከትላልቆቹ ክለቦች የሚላኩ መልማዮች ሜዳው ዳር ተቀምጠው ያዩአቸዋል። አሮን ጀጅ የሚባለው፣ በአውሮፓውያኑ 2022 ለኒው ዮርክ ያንኪስ እየተጫወተ ኳሷን 62 ጊዜ ከሜዳ ውጭ አስወጥቶ የአሜሪካን ሊግን ክብረ ወሰን የሰበረው ሰውዬ፣ ከዚያ በፊት በ2012 ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ ነበር። አሮጊቷ ፍሪጃቸው ላይ ያሳደሯቸውን ልጆች ሁሉ ፎቶ ለጥፈዋል። የአክስቴ ልጅ «የትኞቹ ናቸው ታዋቂ የሆኑት?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ አንድም የለም አሏት።

«ኪራይ ስንት ያስከፍሏቸዋል?» አልኳት።

ሳቀች። «ምን ኪራይ አለው? ቁርስ ሁሉ ይሠሩላቸዋል እንጂ።»

እናቴ ታስከፍላለች። ምን ታድርግ?

ሩጫ ከቤዝቦል የሚከፋበት አንድ ነገር አለ። የቤዝቦል ቡድን ብዙ ቦታ አለው፤ ቡድኖቹም ብዙ ናቸው። በኦሊምፒክ ግን አንድ አገር በአንድ ርቀት ከሦስት ሯጭ በላይ ማሰለፍ አትችልም። ለኢትዮጵያ ሦስት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አራተኛው ሰው ሌላ አገር ቢወለድ የቡድኑ አለቃ ይሆን ነበር፤ እዚህ ቴሌቪዥን ያያል። ታምራት ቶላ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ያለው፣ ኒው ዮርክን በ2:04:58 የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ ያሸነፈ ሰው ነው። ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን የተያዘው ግን በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ በእሱ ቦታ ገባ፤ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም በ2:06:26 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ። የዚያን ቀን እኛ ግቢ የነበሩት ልጆች እየጮኹ ወጥተው ጎረቤት አስደነገጡ። ከዚያ አንዷ ዝም ብላ ቆይታ «ሲሳይ ባይጎዳስ ኖሮ?» አለች። የመለሰላት የለም።

ተስፋ የቆረጠ ልጅ ሻንጣውን ማስተካከል ሲጀምር ጓደኞቹ የሚጠሩለት ስምም አለ። «ትዕግስትስ?» ይሉታል። ትዕግስት አሰፋ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ 800 ሜትር ሯጭ ነበረች። ከዚያ ዓመታት ጠፋች። በ2014 የመጀመሪያ ማራቶኗን ሪያድ ላይ በ2:34:01 ጨረሰች፤ ይኼ ማንም ዘወር ብሎ የሚያየው ሰዓት አይደለም። ጥቂት ወራት ቆይታ፣ በመስከረም 2015፣ በርሊንን በ2:15:37 አሸነፈች። በዓመቱ እዚያው በርሊን 2:11:53 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለችው። እውነት ነው፣ ሁሉም ሆኗል። ግን ይኼ ታሪክ ስንት ልጅ አንድ ዓመት፣ ደግሞ አንድ ዓመት እንዳስጨመረ እኔ ከሰማያዊው ደብተር ላይ መቁጠር እችላለሁ።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ።

ደብተሩ ላይ «ቀጭኑ የአርሲ ልጅ» ይላል። በ2011 መስከረም ላይ ነው የመጣው። አንድ ከረጢት በሶ፣ ሶሉ ያለቀ አንድ ጫማ፣ ከቤቱ ያመጣው ቀይ መስመር ያለበት ወፍራም ብርድ ልብስ። ግቢውን ሳይታዘዝ ይጠርግ ነበር። እናቴን «አዴ» ይላታል፤ እሷም ከምሳ የተረፈውን «ለውሻው ከምደፋው» በሚል ሰበብ ትሰጠዋለች። እውነቱን ለመናገር ለውሻው የሚደፋ ነገር እኛ ቤት ተርፎ አያውቅም።

ክለብ አልነበረውም። መቻል፣ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ከእነዚህ አንዱ ጋ የገባ ልጅ ትንሽም ብትሆን ደመወዝ አለችው፤ ኪራይ አይዘልም። እሱ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለቴም ለጥቂት ቀረ። ስለዚህ አሯሯጭ ሆነ። ማናጀር ያላት አንዲት ሴት አትሌት ነበረች፤ እሷ በምትፈልገው ፍጥነት ከፊቷ ይሮጣል፣ ነፋሱን ይከላከልላታል፣ ውሃዋን ያቀብላታል። የትራንስፖርት ይሰጡታል። አንዳንዴ ያገለገለ ጫማ።

በ2012 ሐምሌ የሦስት ወር ኪራይ ነበረበት። ያን ሰሞን ውጭ ውድድር የሚሮጥ አንድ ልጅ መጥቶ ክፍሉን በእጥፍ፣ ያውም የሦስት ወር ቅድሚያ ከፍሎ እንደሚወስደው ነገረኝ። እናቴ ሰበታ ለቅሶ ሄዳለች። እኔ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ዲግሪ ይዤ ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ፤ የእናቴን ደብተር ከእሷ በተሻለ መያዝ እንደምችል እርግጠኛ ነበርኩ።

«ወንድሜ፣ እንግዲህ እኛም ችግር ላይ ነን» አልኩት።

«እሺ፣ ችግር የለም» አለኝ።

አለመከራከሩ ነው ያናደደኝ። ቢከራከረኝ አንድ ሳምንት እጨምርለት ነበር፤ ቢያንስ አሁን እንደዚያ ነው የማስበው። ሻንጣውን አዘጋጀ። ብርድ ልብሱን ጠዋት አጥቦት ሽቦው ላይ ተሰቅሏል፤ ዝናቡ እየመጣ ስለሄደ ውሃ አዝሎ ሊሸከሙት የማይቻል ሆኗል። «ሲደርቅ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሎ ሄደ። ቡራዩ፣ ገፈርሳ ግድብ አካባቢ፣ የአጎቱ ልጅ ቤት እንደገባ በኋላ ሰማሁ። ከዚያ እየተመላለሰ ልምምዱን አላቋረጠም አሉ።

እናቴ ከለቅሶ ስትመለስ አዲሱን ልጅ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ገንዘቡን አቀበልኳት። ቆጠረችው፣ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው፣ ከዚያ «ኪራዩን ማን ጠይቅ አለህ?» አለችኝ። ለአራት ቀን አላናገረችኝም። አዲሱ ተከራይ በበኩሉ አራት ወር ቆይቶ የተረከዙ ጅማት ታመመና ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ እሑድ ዋናው መንገድ ላይ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሯጮቹ አንዱን የአውሮፓ ማራቶን ያያሉ። ከመሪዎቹ ፊት ሦስት አሯሯጮች አሉ፤ ልብሳቸው ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ ደረታቸው ላይ በስም ፈንታ «ፔስ» ይላል። መሐል ያለውን አየሁት። ትከሻው ነው ያስታወቀኝ፤ የቀኙን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሮጠው። ልጆቹም አውቀውት ኖሮ በቅጽል ስሙ ይጠሩታል።

የአሯሯጭ ሥራ ውሉ ግልጽ ነው። ኪሎ ሜትሩን ለምሳሌ በ2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ፣ ሳያፈጥኑ ሳያዘገዩ፣ እስከ 25ኛው ወይም እስከ 30ኛው ድረስ መውሰድ ነው። ከዚያ መውጣት። እሱ 30ኛውን አለፈና ወደ ግራ ዞር አለ፤ የኋለኞቹ በአጠገቡ አለፉ። ካሜራውም አብሯቸው ሄደ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዓይኑን መሪዎቹ ላይ ተክሏል። እኔ የስክሪኑን ጥግ እያየሁ ነበር፤ ጉልበቱን ይዞ አጎንብሶ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ታየኝ።

«ደርሷል በቃ» አለ አንዱ።

«የት ደረሰ? አልጨረሰም እኮ።»

«ቪዛ አግኝቷል አይደል? ደርሷል።»

ሲከራከሩ ትቻቸው ወጣሁ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። «አሸነፈ?» አለችኝ። አሯሯጭ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። «ታዲያ እሱ እስከዚያ ድረስ ይቀድማል ማለት አይደል?» አለች፤ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ከ2015 ወዲህ ሱሉልታም ቡራዩም ሰበታም በሸገር ከተማ ሥር አንድ ሆነዋል። ልጆቹ ይሮጡበት የነበረው ሜዳ በከፊል ታጥሯል፤ አጥር በበዛ ቁጥር እነሱ ራቅ ይላሉ። ሚኒባሱ አሁንም ይመጣል።

ባለፈው ጥር፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው። ጥሩ ጃኬት ለብሷል፤ ፊቱ ትንሽ ሞላ ብሏል። እናቴ አገላብጣ ስማው ቡና አቀረበች። ሁለተኛው ላይ ከኪሱ ፖስታ አወጣና በሁለት እጁ ሰጣት፤ የሦስቱ ወር ኪራይ ነው። አይሆንም ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ተቀበለች፣ ቆጠረች፣ መነጽሯን አድርጋ ሰማያዊውን ደብተር አስመጣችና የእሱን ገጽ ፈልጋ «ተከፍሏል» ብላ ጻፈች። ፊቱ በራ። በኋላ ነው የገባኝ፤ እምቢ ብትለው ያዝን ነበር።

ሊሄድ ሲል ወደ እኔ ዞረ። የመጣ ጊዜ ሰላም ካለኝ በኋላ ሲያናግረኝ ይኼ የመጀመሪያው ነው።

«ብርድ ልብሴ ይኖር ይሆን? እናቴ ናት ያሠራችልኝ።»

«ጠፋ» አልኩት። «ተከራይ ሲለዋወጥ ጠፋ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እሱ የተቀመጠው ፊቱን ወደ ጓሮ አድርጎ ነው። የውሻው ቤት እዚያ ነው፤ ቀዩ መስመር ከደጃፉ ወጥቶ ይታያል።