ጸሐይ ከሚሴ ስትደርስ

«ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለችው የልጆች ፕሮግራም በ1999 ዓ.ም መግቢያ ላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ስትጀምር፣ እኔ ከሚሴ ከተማ ውስጥ ሕፃናት አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ቤታቸው የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛውን ከመንደርና ከገበያ ለቃቅመው ይመጡ ነበር።

ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለው ሲያዩ አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። ቀጭኔዋ ጸሐይ ብቅ ስትል አንዱ «ግመል ናት!» ብሎ ጮኸ። የአፋር ግመል ከተማውን ሲያቋርጥ እያየ ያደገ ልጅ ሌላ ምን ይበል? ግን ወዲያው ዝም አሉ። ጸሐይ ትጠይቃለች፤ እነሱም ከስክሪኑ ማዶ እንደምትሰማቸው አምነው ይመልሳሉ።

የፕሮግራሟ ደራሲና አዘጋጅ ብሩክታዊት ጥጋቡ አዲስ አበባ ውስጥ የትምህርት ቤት መምህርት እንደነበረች ስሰማ ልጆቹ ለምን እንደሚመልሱላት ገባኝ። ማስተማሯን ትታ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረተች። ሥራውን የጀመሩት መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ፣ በጨርቅ አሻንጉሊቶች ነው፤ የጸሐይም ድምፅ የራሷ የብሩክታዊት ነበር። ልጅ ጥያቄ ሰምቶ መልሱን እስኪያገኝ ጊዜ እንደሚፈልግ የሚያውቅ፣ ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው ነው።

እኔም ከአሮጌ ካልሲ አንድ አሻንጉሊት ሰፍቼ ክፍል ገባሁ። ለወራት ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። አሻንጉሊቱ ስሟን ሲጠይቃት በአፋን ኦሮሞ መለሰችለት፤ ቀጥላም ስለ ጥጃቸው አወራችው። እኔ ጣልቃ አልገባሁም። አማርኛው ቆይቶ፣ ፍርሃቱ ከለቀቃት በኋላ መጣ።

ፕሮግራሟ በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ፕራይዝንና የፕሪ ዠኔስን ሽልማቶች ስታገኝ፣ ብሩክታዊትም በ2010 እ.ኤ.አ. በሮሌክስ የወጣቶች ሽልማት ስትመረጥ፣ ደስታው የእኛም የአስተማሪዎቹ ነበር። ኋላ ደግሞ ያለዕድሜ ጋብቻን የመሰሉ ጎጂ ልማዶችን የሚታገሉ ልጃገረዶችን በአኒሜሽን ይዛ መጣች፤ «ጥበብ ገርልስ» ብላ። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን ጸሐይ አፋን ኦሮሞ መናገሯ ነው። የከሚሴ ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሲጠየቅ መልሱ ይፈጥናል፤ አይሸማቀቅም።

የልጆች ፊልም መሥራት የሚፈልጉ ወጣቶች ምክር ሲጠይቁኝ የምላቸው አንድ ነው፦ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ዓመት ሕፃናት አስተምሩ።