«ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?»

ያገለገለ ኮምፒውተር የሚሸጥበት ሱቅ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? መርካቶም ይሁን መገናኛ ጥያቄዋ አንድ ናት፤ «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» ሻጩ ቁጥሩን የሚጠራው እንደ ሎተሪ ዕጣ ነው። ስምንተኛ ሲል የገዢው ፊት ይፈካል፤ ሦስተኛ ሲል ሰውዬው ቀስ እያለ ወደ በሩ ያፈገፍጋል። እኔ ደግሞ ከሦስተኛም በታች ያለውን ፈልጌ የምገባ ሰው ነኝ። ሻጮቹ ለምደውኛል፤ ሳይሸጥ የከረመ ነገር ሲኖራቸው «ያንተ ቢጤ መጥቷል» ይሉኛል። ስድብ ይሁን ሙገሳ እስካሁን አልለየሁትም።

ቆጣቢ ነኝ (ጓደኞቼ ሌላ ስም አላቸው)። ግን ነገሩ የብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለሥራ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ሰመራ ስመላለስ ስለ አሮጌ ኮምፒውተር ያለኝ አስተያየት ተቀይሯል። አሁን የጀነሬሽኗን ጥያቄ ትቼ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ስንት ዋት ይበላል? ውስጡስ ምን አለ?

ከዋቱ ልጀምር። አብዛኞቹ የቢሮ ኮምፒውተር አምራቾች መመሪያቸው ላይ የክፍሉ ሙቀት ከ35 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይላሉ። ይህንን በግንቦት ወር ለሰመራ ሰው ብትነግሩት ይስቅባችኋል። እዚያ 40 ዲግሪ ማለት ወሬ አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው ፋን ደግሞ አየር ታንቀሳቅሳለች እንጂ አየር አታቀዘቅዝም። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት ከክፍሉ ሙቀት በ40 ዲግሪ የሚበልጥ ከሆነ፣ 22 ዲግሪ በሆነ የአዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ 62 ላይ ይቆማል፤ 42 በሆነ የሰመራ ክፍል ውስጥ ግን 82 ይደርሳል። ያው ማሽን፣ ያው ፕሮግራም! 82 ገና አይገድለውም። አቧራ ሲያፍነው ግን ወደ 100 ይጠጋና ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባለቤቱም «ቫይረስ ገብቶበት ነው» ብሎ ፎርማት ያስደርገዋል። በሁለተኛው ቀን ያው ነው። ቀለም መቀቢያ ብሩሽ ገዝቶ አቧራውን ቢጠርግለት፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቅባት ቢቀይርለት ይሻለው ነበር።

«አሮጌ» የምንለው ቃል ብዙ ነገር የሚደብቀው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የፔንቲየም ፎር ዓይነት ፕሮሰሰሩ ብቻ እስከ 115 ዋት የሚደርስ ነበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ኮር ቱ ዱዎ በ65 ዋት ከሱ የበለጠ ይሠራል። በ2008 በትንንሾቹ ላፕቶፖች ውስጥ የገባው የመጀመሪያው አተም ደግሞ 2.5 ዋት ብቻ! ሦስቱም ዛሬ ሱቅ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ ተደራርበው አንድ ስም ነው ያላቸው፤ አሮጌ። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ፔንቲየም ፎር በነፃ ቢሰጡኝም ይዤው ሰመራ አልወርድም። የሚበላት እያንዳንዷ ዋት መጨረሻዋ የክፍሉ ሙቀት ነው። ወፍራሙን የድሮ ሞኒተር ከጎኑ ጨምራችሁ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ብታስቀምጡ፣ በሰመራ ቀትር ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሶ እንደመቀመጥ ነው። ከዚያ እሱን ለማቀዝቀዝ ኤሲ… ሂሳቡን እናንተ ቀጥሉት።

(ለገዢዎች አንዲት ምክር በቅንፍ፦ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 አካባቢ በተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የተበላሹ ካፓሲተሮች ገብተው ነበር። ክዳኑን አስከፍታችሁ ጣሳ የሚመስሉትን ትንንሽ ነገሮች እዩ። አናታቸው ያበጠ ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ። ሙቀት የሚያፋጥነው ይኸንኑ በሽታ ነው።)

የኔው ማሽን ኮር ቱ ዱዎ ነው። 4 ጊጋ ራም፣ በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ፋንታ ኤስኤስዲ፣ ዊንዶውስ ወጥቶ ሊኑክስ ሚንት ገብቶበታል። ከነዚህ ሁሉ ተአምር የሠራችው ኤስኤስዲዋ ናት፤ ገንዘብ የሚወጣው እሷ ላይ ነው። መጻፍ፣ ሂሳብ መሥራት፣ ማተም እንደ ልብ ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን አልዋሽም፣ አሥር ገጽ ከፍቶ ቪዲዮ ማየት የሚወድ ሰው አይግዛው። መጽሐፍ የምታክል ዜና ለማሳየት ሃያ ማስታወቂያ የሚጎትት ገጽ ፊት ምስኪኑ ኮር ቱ ዱዎ ምን ያድርግ?

ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ሲቋረጥ ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ የሞተ መስሎት ነበር። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ነው የሚፈልገው፤ የሻጮቹ ዕጣ የሚያምረው ለዚህ ነው። ሰባተኛው ግን ትናንት ሲሠራ የነበረ፣ ነገም የሚሠራ ማሽን ነው፤ ሊኑክስ ይጫንበትና ይኑር። የሊኑክሱም ደግነት ግን ልክ አለው። ደቢያን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለባለ 32 ቢት ኮምፒውተሮች መጫኛ ማዘጋጀቱን ትቷል። ያቺ የማመሰግናት 2.5 ዋቷ አተም 32 ቢት ናት። ከኢንተርኔት ነቅዬ የጽሕፈት መኪና አድርጌያታለሁ፤ ሰመራ በረንዳ ላይ የማያልባት እሷ ብቻ ናት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ውስጡ ምን አለ?

አዋሽ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት አሉ። ጠረጴዛቸው ሥር ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት ማሽን ተቀምጧል። ኤክስፒ ድጋፉ ካበቃ፣ ከመጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ብዙ ዓመት ሆነው። «ቆራሌው ሦስት መቶ ብር ይሰጠኛል፣ አንተስ ስንት ትሰጠኛለህ?» አሉኝ። ማሽኑ የማልወደው ፔንቲየም ፎር ነው፤ በዋት ሂሳብ ከሆነ ቆራሌው ይውሰደው ባይ ነኝ። ስከፍተው ግን የቤት ሽያጭ ውሎች፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሰው ሁሉ ማመልከቻ… የአንድ ሰፈር ታሪክ ተኝቶበታል። በፍላሽ ወደኔው ላፕቶፕ ገልብጬ ብከፍተው ደግሞ የእድሩ ደንብ የዶላር ምልክትና የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቁጭ አለ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የዚያን ዘመን ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው። የኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ይበልጣል። የነፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ሠሪዎች በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ፊደሉን እንደ ምንም አጣጥፈው አስገቡት፤ ላቲኑ በሚቀመጥበት ቁጥር ላይ የአማርኛ መልክ አለበሱት፤ አንዳንዱንም ፊደል ከሁለት ቁራጭ ገጣጠሙት። እነሱ ባይኖሩ በዚያ ዘመን በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ ዘበት ነበርና ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ቁጥር ነው፤ ፎንቱ ሲነሳ አማርኛውም አብሮ ይነሳል። የአንዱ ኩባንያ አደራደር ደግሞ ከሌላው አይገጥምም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው ግን ከቪስታ ነው፣ 2007 አካባቢ። ቢሮውና ሱቁ ደግሞ ኤክስፒን አልለቅም ብሎ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በድሮው ፎንት ሲጽፍ ኖረ።

የሚያስገርመው ይሄ አይደለም። ሰመራ ላይ በዚያው ዓይነት ማሽን፣ በዚያው ኤክስፒ፣ በአፋርኛ የተጻፈ ሰነድ ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ጥርት ብሎ ተነበበ! አፋርኛ «ዐፋር ፌራ» በሚባለው የላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። የእንግሊዝኛው ኪቦርድ ይበቃዋል። ለራሱ ድምፆች ሥራ ፈት ፊደላትን ቀጥሯል፤ ኪው ለዐይኑ ዐ ሆና የሕዝቡን ስም ትጀምራለች፣ ሲ እና ኤክስም ሌላ ሥራ ተሰጥቷቸዋል፣ አናባቢ ሲረዝም ፊደሉ ይደገማል። የምን ልዩ ፎንት፣ የምን ልዩ ፕሮግራም! አንድ ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ ቀን የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች አንዱ ዛሬም ይናገራል፤ ሌላው ተርጓሚ ይፈልጋል። በፊደላችን እኮራለሁ፤ ያን ቀን ግን ቀናሁ።

እናም ለእናቴ እንዲህ አልኳቸው፤ «ሳጥኑን አይደለም፣ ውስጡን እንጨርስና ይውሰደው።» የድሮውን ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን አይታመኑም፣ የተቀየረውን ከዋናው ጋር እያስተያዩ ማንበብ ግድ ነው። በውል ላይ አንድ ፊደል ስትሳሳት የሰው ስም ነው የሚበላሸው። ለማስተያየት ደግሞ ዋናውን በትክክል የሚያሳየው ያው የማልወደው ፔንቲየም ፎር ነው፤ ፕሮግራሙ የተጫነው እሱ ላይ፣ የመጫኛው ሲዲ ደግሞ ከጠፋ ቆይቷል። ለጊዜው ሁሉንም ወደ ፒዲኤፍ ቀይረን ሁለት ፍላሽ ላይ አስቀመጥን። ፒዲኤፉ መልኩን ያሳያል፤ ቃል ልፈልግበት ብትሉ ግን ያው የዶላር ምልክት ነው።

ማለዳ ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ ነው የምንከፍተው። ሴት ልጃቸው ከድሮው ታነባለች፣ እኔ በአዲሱ አርማለሁ። የእድሩ ደንብ አልቋል። የቤት ሽያጭ ውሎቹ ግማሽ ደርሰዋል፤ «ልዩ ልዩ» የሚለው ፎልደር ገና አልተነካም። ቆራሌው ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመልሷል፤ በሁለተኛው ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ብሎ ነበር።