የመቀመጫ ስሞች

አንድ በጽሕፈት ሥራ የሚተዳደር የከተማ ሰው ቤቱን በአዲስ ዕቃ ካስጌጠ በኋላ አሮጊት እናቱን ከገጠር አስመጣ። በገባችም ጊዜ ረጅሙንና ለስላሳውን ሶፋ አሳይቶ «እምዬ፥ ከዚህ ላይ ተቀመጪ» አላት። እርስዋ ግን በእጅዋ ዳሰሰችውና «ይህማ የእንግዳ ነው፤ እኔ ላንተ እንግዳ ነኝን?» ብላ ከበሩ አጠገብ ከነበረችው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ልጁም አፈረ። በማግስቱ እንዲሁ፥ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። «ለመሆኑ ስሙ ማነው?» ብላ ብትጠይቀው «ሶፋ» አላት፤ ሊጠይቃት የመጣው ጎረቤት ደግሞ «ፎቴ ነው» አለ። ትርጓሜውን ግን ከሁለቱ አንዱም አላወቀም።

ነገሩ ቢከነክነው ልጁ የስሞቹን ምንጭ ይመረምር ጀመር። ፎቴ ከፈረንሳዮች የመጣ ቃል ነው፤ ጥንተ ትርጓሜውም ታጣፊ መቀመጫ ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን አራት ሰው እንኳ ተጋግዞ አያጥፈውም። ካናፔ የሚባለውም ከግሪክ የትንኝ ስም የወጣ ነው፤ አስቀድሞ የትንኝ መከላከያ መጋረጃ ያለበት አልጋ ይጠራበት ነበርና። ዲቫን በፋርስ መጀመሪያ የመዝገብ፥ ኋላም የመማክርት ጉባኤ ስም ነበር፤ መማክርቱ በግድግዳው ዙሪያ በተደረደረ ትራስ ላይ ይቀመጡ ስለ ነበር ስሙ ከጉባኤው ወደ መቀመጫው ተላለፈ።

የእኛም ቋንቋ ከዚህ አያንስም። ነበረ በግዕዝ ተቀመጠ ማለት ነው፤ መንበርና ወንበር ከዚህ ወጡ፤ ኖረ የሚለው የአማርኛ ቃልም የዚሁ ዘር ነው። መምህር ወንበር ዘረጋ ቢባል ማስተማር ጀመረ ማለት ነው፤ አልጋም የመንግሥት ስም ስለ ሆነ አልጋ ወራሽ ተባለ። መቀመጥና መኖር ከአንድ ግንድ የበቀሉ ከሆኑ፥ ለሰው መቀመጫ መንሣት ኑሮ እንደ መንሣት ነው።

ልጁን ይልቁን ያስደነቀው ግን የሶፋ ነገር ነው። ቃሉ ሱፋ ከሚለው ዐረብኛ መጥቶ በቱርኮች በኩል ወደ አውሮፓ የተሻገረ ነው። በምሥራቅ አገር ከወለሉ ከፍ ተደርጎ የተሠራ፥ ምንጣፍና ትራስ የሚደረግበት ስፍራ ይባልበት ነበር፤ እንደ ዛሬው የእንጨት እግር አልነበረውም። ይህም በእናቱ ቤት በድንጋይና በጭቃ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራው፥ ቁርበት ተነጥፎበት ቀን የሚቀመጡበት፥ ሌሊት የሚተኙበት የመደብ ወንድም ነው።

በዚያው ማታ አንድ አጎዛ አውጥቶ በሶፋው ላይ አነጠፈና «እምዬ፥ ይህ መደብ ነው፤ ስሙ ብቻ የባዕድ ነው» አላት። እርስዋም ጥቂት አስባ ተነሣችና ከላዩ ተቀመጠች። «መደብ ከሆነስ ምነው ቆመህ ታየኛለህ? ና፥ ካጠገቤ ተቀመጥ» አለችው።

እንግዲህ ዕቃ ከሩቅ አገር መምጣቱ አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው የገዛ እናትን ከበር አጠገብ ያስቀመጠ እንደ ሆነ ነው።