ካርቱም፦ ዓባይ ዳር በፈቃዳቸው ድንኳን ስለሚተክሉ ሰዎች

ዛሬ ወደ ካርቱም ልንወስዳችሁ ነው። ብዙዎቻችሁ ከተማዋን ታውቋታላችሁ። ዴም ወይም ጀሬፍ ቤት ተከራይታችሁ የኖራችሁ፣ ሻይ የሸጣችሁ፣ ሰው ቤት የሠራችሁ አላችሁ። ስለዚህ ከተማውን ትተን፣ በሻሪ ኒል ስታልፉ በአጥሩ በኩል አይታችሁት ይሆናል እንጂ ምናልባት ስላልገባችሁበት አንድ ግቢ እናውራ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ግቢው የጥቁር ዓባይ የጀልባ ክበብ ይባላል፤ ፈረንጆቹ ብሉ ናይል ሴይሊንግ ክለብ የሚሉት። ከጦርነቱ በፊት ለብዙ ዓመታት፣ ከአውሮፓ ተነሥተው እስከ ደቡብ አፍሪካ በመኪና የሚጓዙ ሰዎች ካርቱም ሲደርሱ የሚያርፉት እዚያ ነበር። መኪኖቻቸው እንደምናውቃቸው መኪኖች አይደሉም። ውስጣቸው አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የውሃ ታንከር፣ አንዳንዶቹ ፍሪጅ ሁሉ አላቸው። ጣራቸው ላይ ድንኳን የሚዘረጋም አለ፤ ማታ በመሰላል ወጥተው ይተኛሉ። ባጭሩ ቤታቸውን ይዘው ይዞራሉ። ሆቴል አይፈልጉም። የሚፈልጉት ጥላ፣ ሽንት ቤት፣ መታጠቢያና ለመኪናው የሚሆን አጥር ነው። ይህን ሁሉ ክበቡ ውስጥ ያገኙ ነበር፤ ያውም ከቤተ መንግሥቱ ብዙ ሳይርቁ፣ ወንዙ አፍንጫቸው ሥር ሆኖ።

እዚያ ለመድረስ ግን ቀላል አልነበረም። የየብሱ ድንበር እስከተከፈተበት እስከ 2014 ድረስ ከግብፅ የሚመጣው ሰው ከአስዋን ተሳፍሮ ሐይቁን አቋርጦ ዋዲ ሃልፋ ይወርድ ነበር። መርከቡ በሳምንት አንዴ ነው። ሰው በመርከብ፣ መኪና በሌላ ጠፍጣፋ ጀልባ። መኪናው ካልደረሰ ዋዲ ሃልፋ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ከዚያ በረሃውን ጨርሰው፣ አቧራ ለብሰው ካርቱም ይገባሉ። ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ መኪናቸውን ይጠግናሉ፣ ፖሊስ ዘንድ ይመዘገባሉ። ከሁሉ በላይ ግን የሚጠብቁት ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? የኢትዮጵያን ቪዛ! እኛ ከዚያ ወዲህ ስንመጣ እነሱ በዚያው መንገድ ወደዚያ ሊሄዱ ተሰልፈው ነበር።

ግቢው ውስጥ አንድ አሮጌ የብረት መርከብ ነበረ። ስሙ መሊክ ነው፣ በዐረብኛ ንጉሥ ማለት። በ1896 እንግሊዝ አገር ተሠርቶ፣ ተፈታቶ በመርከብና በባቡር መጥቶ፣ ሱዳን ውስጥ ተገጣጠመ። በ1898 የእንግሊዙ ኪችነር ኦምዱርማን አጠገብ ከረሪ ላይ የኸሊፋውን ጦር ሲወጋ ከወንዙ ላይ ሆኖ መድፍ የተኮሰው አንዱ ይሄ ነው። የኸሊፋው ጦር ማለት ደግሞ በ1889 መተማ ላይ አፄ ዮሐንስን የገደለው፣ ራሳቸውንም ቆርጦ ኦምዱርማን የወሰደው ጦር ነው። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም ለማለት ያህል ነው። ከ1926 ጀምሮ መርከቡ የክበቡ ጽሕፈት ቤት ሆነ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኃይለኛ ሙላት አንሥቶ ደረቁ ላይ አስቀመጠው። የጦር መርከብ ነበር፤ በኋላ ቱሪስት አጠገቡ ፓስታ የሚቀቅልበት ሆነ።

ከክበቡ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ቱቲ ደሴትና ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበት መቅረን ናቸው። ድሮ ክረምት ሲሆን ውሃው ደፍርሶ ቡናማ ይሆን ነበር። ያ ቀለም የጎጃምና የወሎ አፈር ነው። ከሰከላ የተነሣ ውሃ እኛ የመጣንበትን ያህል ዞሮ፣ ያለ ወረቀት እዚያ ይደርሳል። ግድባችን ከተሠራ ወዲህ ደለሉ እንደ ቀድሞው አይወርድም።

ልጆቻችን ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። ገንዘብ ያለው ሰው ለምን ድንኳን ውስጥ ይተኛል? ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ሲመቸው ነቅሎ ስለሚሄድ ነው። ቱሪስቱም በሱዳን ሕግ ይመዘገባል፣ ለመኪናውም ካርኔ የሚባል ወረቀት ይይዛል፤ ግን ተመዝግቦ ይንቀሳቀሳል። ስደተኛውን ደግሞ የ1974ቱ የጥገኝነት ሕግ ከተመደበበት ቦታ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክለው ነበር። ያለ ተስሪህ ካርቱም የኖረ ሰው ከሻ ምን እንደሆነ ለማንም አያስረዳም፣ ሁሉም ያውቀዋል። እዚያው ሻሪ ኒል ላይ በንበር ደርድረው ጀበና የሚያፈሉት እህቶቻችን ዓይናቸው ወንዙ ላይ አልነበረም፤ መንገዱ ላይ ነበር፣ የፖሊስ መኪና መጣ አልመጣ እያሉ።

ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ተነሣ። ቤተ መንግሥቱና አካባቢው የውጊያ ቦታ ሆነ፣ ሠራዊቱ መልሶ የያዘውም መጋቢት 2025 ነው። በጦርነቱ መጀመሪያ ሳምንታት ያ የቱሪስቱ መንገድ፣ ከካርቱም መደኒ፣ ገዳሪፍ፣ ገላባት፣ መተማ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ የጫኑ አውቶቡሶች ሞሉበት። ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ሃበሻው፣ ፈረንጁ ሁሉ አንድ ላይ። ዕድሜ ልኩን ካርቱም ቤት የነበረው ሰው መተማ ደርሶ ሸራ ሥር አደረ። ከመካከላቸው ትናንት ለእህቶቻችን የቤት ሥራ የሰጡ፣ ሻይ የገዙ ይኖራሉ።

ሻሪ ኒል ላይ የሠራችሁ፣ ክበቡ ውስጥ ያጸዳችሁ ወይም ምግብ ያበሰላችሁ ካላችሁ፣ ያያችሁትን ጽፋችሁ ስጡን። መጻፍ የማትችሉ ለልጆቻችሁ ነግራችሁ አጽፉ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።