አረንጓዴው ውሃ

ባለፈው ሐምሌ አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። የምንኖረው ከአትላንታ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ኬኔሶ ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴን፣ የስምንት ዓመት ልጄንና አንድ ድፎ ዳቦ በአሮጌው ቫናችን ጭኜ ወደ ቻታኑጋ ተነሳሁ። ልጄ እዚያ ያሉትን ትልልቅ ዓሣዎች ለአባባ ልታሳይ ጓጉታለች። መንገዱ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም። ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ቫኑ ሥር አረንጓዴ ውሃ ጠብ ብሎ አይቼ ነበር። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ መሆኑን አውቃለሁ። በጨርቅ ጠረግኩትና ዝም አልኩ። ጋራዥ ብወስደው ጉዞው ይቀራል። ደግሞም አባቴ ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ እየነዱ ነው ያስተማሩኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ የሶፍትዌር መሐንዲስ ሆኛለሁ። መኪናዬ ያፈስሳል ማለት አሳፈረኝ።

በ75 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ስንሄድ፣ ልጄ በኬኔሶ የባቡር ሙዚየም ያየችውን ታሪክ ለአባባ መተረክ ጀመረች። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1862፣ የሰሜን ወታደሮች ሲቪል ለብሰው መጡ። ተሳፋሪዎቹና ሠራተኞቹ ቁርስ ሲበሉ «ጄኔራል» የሚባለውን ባቡር ይዘው ጠፉ። የባቡሩ ኃላፊ ዊሊያም ፉለር መጀመሪያ በእግሩ ሮጦ ተከተላቸው። ሌቦቹ ወደ ቻታኑጋ ሲገሰግሱ፣ ሪንጎልድን አለፍ እንዳሉ ማገዶው አልቆ ባቡሩ ቆመ።

አባቴ ሳቁ። «ሰው ረጅም መንገድ ሲወጣ አስቀድሞ ማገዶውን አያይም እንዴ?»

እኔ አልሳቅኩም። የሙቀት ጌጁ ከመሃል አልፎ ወደ ላይ እየወጣ ነበር።

ዳልተንን አልፈን ዳገት ስንጀምር አባቴ ጆሯቸውን አቀኑ። «ሞተሩ ሞቋል። ጥግ ያዝ» አሉኝ።

«ትንሽ ነው የቀረን፣ አባባ።»

«ጥግ ያዝ አልኩህ! ማሞቂያውንም ክፈተው።»

በሐምሌ ሙቀት ማሞቂያ! ልጄ አያቷ የተሳሳቱ መሰላት። አልተሳሳቱም። ማሞቂያው ሙቀቱን ከሞተሩ ወስዶ ወደ እኛ ስለሚያመጣ ሞተሩን ትንሽ ያሳርፈዋል። ላብ በላብ ሆነን ጥግ ይዘን ቆምን። ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ይወጣል።

ኮፈኑን ከፍቼ እጄን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ስዘረጋ አባቴ ክንዴን ያዙኝ። «እስኪቀዘቅዝ አትንካው! ፊትህን ይልጠዋል።» እውነታቸውን ነው። ራዲያተር ውስጥ ግፊት ስላለ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ላይፈላ ይችላል። ክዳኑ ሲከፈት ግን ግፊቱ በድንገት ይወርድና የፈላው ውሃ ወደ ላይ ይተፋል።

ከመንገዱ ርቀን ሣር ላይ ተቀመጥን። ሞተሩ እስኪበርድ አባቴ ከሩቅ እያመለከቱ ልጄን አስተማሯት። «ያ ቺንጋ ነው፤ ሲዞር ሌላውን ያዞራል። ይህ ፖምፓ ነው፤ ውሃውን ይገፋል። ያኛው ቴስታታ ነው፤ በጣም ከሞቀ ይጣመማል።» ሦስቱም ቃላት ከጣልያንኛ ወደ አገራችን ጋራዦች የገቡ ናቸው። ልጄ አንድ በአንድ ደገመቻቸው።

ከዚያ አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ዛሬ የጀመረ አይመስለኝም። ሲያፈስስ አላየህም?»

«አላየሁም» አልኩ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «ዳዲ፣ ያ በጨርቅ የጠረግከው አረንጓዴ ውሃ ምን ነበር ታዲያ?»

ጋራዡ በር ላይ ቆማ እንዳየችኝ አላወቅኩም ነበር። መኪናዎቹ በአጠገባችን ይከንፋሉ፤ እኛ ሦስታችን ዝም አልን። በመጨረሻ «አይቼ ነበር፣ አባባ። ደበቅኩዎት። አሁን ደግሞ ዋሸሁ» አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ከድፎው ቆርሰው ሰጡኝና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ። ልጄ ትርጉሙን ጠየቀችኝ። «አንድ ሰው መታመሙን ካልተናገረ ማንም ሊረዳው አይችልም ማለት ነው» አልኳት። ይህን ለእሷ ማስረዳት ከቁጣው ይልቅ ከበደኝ።

ተጎታች መኪና ዳልተን ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰደን። መካኒኩ ስፓንኛ ተናጋሪ ነበር። አባቴ በጣታቸው እያመለከቱ «ፖምፓ!» አሉት። እሱም በራሱ ቋንቋ «ቦምባ!» ብሎ ሳቀ። ሁለቱም ያሉት ያንኑ የውሃ ፓምፕ ነበር። እኔ ሳላስተረጉም ተግባቡ። ፓምፑ ያፈስስ ኖሯል። መካኒኩ እንደነገረኝ ትንሽ ብንቀጥል ኖሮ ቴስታታው ይጣመም ነበር። ያኔ የጥገናው ዋጋ ከቫኑ ዋጋ ይበልጥ ነበር።

በሥራዬ አንድ ፕሮግራም ማስጠንቀቂያ ሲያሳይ «ችላ አትበሉት» ብዬ ለጀማሪዎች የምመክረው እኔ ነኝ። ቤቴ ውስጥ ግን ማስጠንቀቂያውን በጨርቅ ጠረግኩት።

ቻታኑጋ ሳንደርስ ማታ ወደ ኬኔሶ ተመለስን። አባቴም ዓሣዎቹን ሳያዩ አገራቸው ገቡ። ልጄ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጉዞ ስንወጣ የስልኬን መብራት ይዛ ቫኑ ሥር ትጎነበሳለች። «ደረቅ ነው!» ስትል እንነሳለን።

ባለፈው ሳምንት «ዳዲ፣ ጠብታ አለ» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ የዝናብ ውሃ ነበር። ቢሆንም ጨርቅ አላነሳሁም። አብረን አየነው፣ ከዚያ ተነሳን።