እጀ ጉርድ በአትባራ ዳር

ከከሰላ ወደ ገዳሪፍ የሚወርድ መንገደኛ ኸሽም ኤል ቂርባን በአትባራ ወንዝ ዳር ያገኛታል። ስሟ በዐረብኛ «የውኃ አቁማዳ አፍ» ማለት ነው፤ ተስማሚ ስም ነው። ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ በሑመራ በኩል ወርዶ፣ ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ከተቀላቀለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጠናቀቀው ግድብ እዚህ ይጠብቀዋል። የደጋችን ክረምት በዚያ ቆላ ተጠራቅሞ ጥጥና ስንዴ ያጠጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዛሬው ነገራችን ግን ስለ ልብስ ነው። እጀ ጉርድ የሚለበሰው መቼ ነው? የደብረ ብርሃን ልጅ ውርጩ ማለፉን ብቻ ይጠይቃል፤ ፀሐይ ከበረታች እጁን ያወጣል። በአትባራ ዳር ይህ ሚዛን አይሠራም።

በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። እንግዳው ወዲያው ክንዱን ያራቁታል። የአገሩ ሰው ግን እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ነጭ ጀላቢያ ለብሶ፣ ጥምጥሙን ጠምጥሞ ያልፋል፤ ሴቲቱም በሰፊ ቶብ ተሸፍናለች። ነገሩ የባህልና የሃይማኖት ብቻ አይደለም። የሰውነታችን ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው፤ አየሩ ከዚያ ሲበልጥ ራቁት ክንድ ሙቀት ማስወጣቱ ቀርቶ ከፀሐይም ከነፋስም ይቀበላል። ሰፊ ልብስ ጥላ ነው፤ ላቡም በሥሩ ነፋስ እያገኘ ይደርቃል። እንግዲህ ከሁሉ የሚሞቀው ወር ለእጀ ጉርድ የማይመች ወር ሆኖ ይገኛል። (አዲስ ምልምል ይህን ከምክር ይልቅ ከተላጠ ክንዱ ይማረዋል።)

ዝናቡ ሲገባ ሙቀቱ ጋብ ይላል፤ አየሩ ግን ስለሚረጥብ ላብ አይደርቅም። እጀ ጉርድ ደስ የሚለው ያን ጊዜ ነው፤ ያውም በቀን፣ በጥላ ሥር። ፀሐይ ከጠለቀች የወባ ትንኝ ተራ ነው። ዝናቡ ባበቃ ማግሥት፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ወባው ይበረታል፤ በመስኖ የሚለማ አገር ደግሞ ውኃ ያቆረ ቦይ አያጣም። የአስዋን ግድብ ሐይቅ አገራቸውን ስለዋጠው እ.ኤ.አ. በ1964 ከዋዲ ሐልፋ ተነሥተው እዚህ የሰፈሩት 50 ሺህ ያህል ኑቢያውያን ለሙቀት እንግዳ አልነበሩም፤ እንግዳ የሆነባቸው ዝናቡና ጭቃው ነበር።

ባለቤትሽ በመተማ ወይም በሑመራ የተመደበ እኅቴ፣ ቆላው አንድ ነውና ይህ ላንቺም ይሆናል። ሻንጣውን ስታዘጋጂ እጀ ጉርዱን ሁለት፣ ሰፋ ያለውን እጀ ረጅም የጥጥ ሸሚዝ ሦስት አድርጊ። ናይሎኑ እቤት ይቅር። ልጆች ይዘሽ የምትከተዪ ከሆነ ገና ሳይመሽ እጅጌያቸው ይርዘም፣ አጎበሩም ይዘርጋ፤ ትኩሳት የጀመረው ልጅ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ጋቢውንም አትተዪው። «ለቆላ ጋቢ ምን ሊረባ!» የሚሉ ጎረቤቶች፣ በጥር ሌሊት ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ዘብ ቆመው አላደሩም።