የደቅ ደሴትና የዛፎቿ ዘር

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ በጣና ሐይቅ ከሚያያቸው ደሴቶች ሁሉ በስፋት የምትበልጠው ደቅ ናት። ስፋቷ 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን መሬቷ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ነው። በአጠገቧ ያለችው ዳጋ ግን ከውሃው ቀጥ ብላ የወጣች፣ በደን የተሸፈነች ትንሽ ኮረብታ ናት። ልዩነቱ ምክንያት አለው፤ ይኸውም ዳጋ የእስጢፋኖስ ገዳም መነኮሳት መኖሪያ ስትሆን፣ ደቅ ግን ገበሬ የሚያርስባት፣ ከብት የሚሰማራባት አገር መሆኗ ነው።

ይሁን እንጂ በደቅም ዛፍ አልጠፋም። በእርሻው መካከል ጥቅጥቅ ያለ ጥላ የታየ እንደ ሆነ፣ በዚያ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ሳይጠይቁ ማወቅ ይቻላል። በምዕራቡ ዳርቻ፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ በድንጋይ አጥር ተከቦ ይገኛል።

በጣና ዙሪያ ባሉት አጸዶች የሚበቅሉት ዛፎች ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደሉም። ዋንዛ በነጭ አበባው ያጌጣል፤ እንጨቱ ለበርና ለከበሮ ይሆናል። ወይራ ዕቃ ይታጠንበታል። የዶቅማን ጥቁር ፍሬ እረኞች ይለቅሙታል፤ የሾላውን ደግሞ ወፎች ይሻሙበታል። በውሃው ዳር ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ይበቅላል፤ እርሱም ደለሉን ይይዛል፤ ለዓሣ ጫጩትም መጠለያ ይሆናል።

አሁን ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሊቃውንት በሰሜን ኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ አፈሩን መርምረው፣ የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር በመሬት ውስጥ ለብዙ ዘመን እንደማይቆይ ተረድተዋል። እንግዲህ ደኑ አንድ ጊዜ ከተመነጠረ መሬቱን በማሳረፍ ብቻ አይመለስም። ዘሩ ያለው በቆመው ዛፍ ላይ ነውና፣ አጸዱ የአካባቢው ሁሉ የዘር ጎተራ ነው ማለት ይቻላል።

ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የጣናን ሐይቅና አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። በዚህ ሥርዓት መሬቱ ከሦስት ይከፈላል፦ የማይነካ እምብርት፣ በዙሪያው መከላከያ፣ ከዚያም ውጭ ሕዝቡ አርሶ የሚኖርበት ክልል። መዝገብ ግን ብቻውን ዘበኛ አይሆንም፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ መስፋፋቱ ለዚህ ምስክር ነው።

ስለዚህ በየክረምቱ ችግኝ ለመትከል የምንወጣ መምህራን፣ ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች፣ ቶሎ ያድጋል በማለት ባሕር ዛፍን ብቻ አንምረጥ። ፍሬው በሚበስልበት ወራት የደብሩን አለቃ አስፈቅደን የዋንዛና የዶቅማ ዘር እንልቀም፤ በትምህርት ቤታችንም መደብ እናፍላ። ዘሩን የሚሰጠን አሮጌ ዛፍ ገና በስፍራው ቆሟል።